ለደምሴ የተገለጠው ሳጥን

እሁድ፣ ጥር 17

አንተ ይሄን ደብተር ከፍተህ የምታነብ፣ ማንም ሁን፣ መጀመሪያ አንድ ነገር መልስልኝ። ላብህን አፍስሰህ የሠራኸውን ጓደኛህ መድረክ ላይ ወጥቶ የራሱ ሲያደርገው፣ አንተ ከሦስተኛው ወንበር ብድግ ብለህ «አሜን!» ብለህለት ታውቃለህ? አታውቅም። እኔ ግን ዛሬ አልኩለት። በዚህ በገዛ አፌ።

ከቤተክርስቲያን መጥቼ ምሳ አልበላሁም። ባለቤቴ አማረች ሳህኑን ከድናው ወጥታለች። ልጻፍና ይውጣልኝ።

የምስክርነት ሰዓት ደረሰ። ፓስተሩ «ጌታ ያደረገለት ካለ ይምጣ» አለ። ደምሴ ተነሳ። ደምሴ ማለት አስራ አንድ ዓመት አንድ ብየዳ ቤት ውስጥ አብረን የሠራን፣ ቡታጅራ ውስጥ ሰው ስማችንን ለያይቶ የማይጠራን ጓደኛዬ ነው። ማይኩን ያዘና ስለ ጀልባው ማውራት ጀመረ።

ዝዋይ ሐይቅ ላይ ጋሽ ከድር የሚባሉ ሰው ሁለት የመዝናኛ ጀልባ አሏቸው። ለሙዚቃውና ለመብራቱ ጄኔሬተር ይጭናሉ። እሱ ሲጮህ ሰው ከሰው አይደማመጥም። ወፍ ሊያይ የመጣ እንግዳ ገና ሳይጠጋ ወፏ በርራለች። ባለፈው ወር «ይሄን ጩኸት ቀንሱልኝ» ብለው እኛ ጋ መጡ። ለአንደኛው ጀልባ ጄኔሬተሩን የሚውጥ ሳጥን ሠራንላቸው። አሁን አጠገቡ ቆመህ ስልክ ታወራለህ። ይሄ ሁሉ እውነት ነው።

ደምሴ ግን ምን አለ? «ተንበርክኬ እየጸለይኩ ጌታ ሳጥኑን አሳየኝ። ልኩን አሳየኝ። ውስጡን ቃጫ ሙላው አለኝ።» ቤቱ ተናወጠ። «ሃሌሉያ!» «ይባረክ!» ከሁሉ በላይ የተሰማው ግን የኔ ድምፅ ነው። እኔ ድምፄ ትልቅ ነው፣ «ጌታ አሳየኝ» የሚል ቃል ከመጣ አፌ ከጆሮዬ ይቀድማል። አሜን ብዬ፣ አጨብጭቤ፣ ተቀምጬ፣ ከዚያ ነው የሰማሁት።

ልኩን አሳየኝ? ልኩን የለካሁት እኔ ነኝ! ሜትሩ ሐይቅ ውስጥ ወድቆብኝ ሱሪዬን ሰብስቤ የገባሁት እኔ ነኝ!

ማን ምን እንደሠራ ይጻፍ፦

ጄኔሬተሩ ወለሉን ስለሚደበድበው ጀልባው ራሱ እንደ ከበሮ እንደሚጮህ ያወቀ፣ እኔ።
ከጄኔሬተሩ እግር ስር የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ያስገባ፣ እኔ።
አየሩ እየታጠፈ የሚገባበትን መንገድ የሠራ፣ አየር ይታጠፋል ድምፅ ግን ግድግዳ መትቶ ይቀራል ብሎ ያሰበ፣ እኔ።
ቃጫው፣ እኔ። ተኝቼ ሳስብ መጣልኝ።
ላሜራውን የቆረጠና የበየደ፣ ደምሴ። እሺ፣ አበያየዱ ቆንጆ ነው። አልክድም።

እኔ ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ማንም አላስተማረኝም። ያለኝ ይሄ ጭንቅላቴ ነው። እሱንም ወሰደው።

ሰኞ፣ ጥር 18

የጎረቤታችን ወፍጮ ሲነሳ ነቃሁ። መኝታችንና ወፍጮ ቤቱ የሚለያያቸው አንድ ግድግዳ ነው። በእኛ በኩል ጆንያ ስለተደረደረበት ድምፁ ብዙም አይረብሸንም። ዛሬ ግን «ጌታ አሳየኝ፣ ጌታ አሳየኝ» የሚል መሰለኝ።

ሥራ ቦታ ስደርስ ደምሴ ቀድሞኝ ገብቶ የመስኮት ፍርግርግ ይበይዳል። መነጽሩን አነሳና «ደህና አደርክ ንጋቱዬ» አለኝ።

«እንደመጣሁ በምን አወቅክ? ተገለጠልህ?»

ሳቀ። ይሄ ያስቃል? የብየዳውን ገመድ ከሶኬቱ ነቀልኩት። ያኔ ሳቁ ቆመ።

«ስማኝ» አለ፣ «እኔ ስለ ሥራችን ላመሰግን ነው የተነሳሁት። እዚያ ስትቆም አፍህ ያንተ አይሆንም። ሕዝቡ አሜን ሲል ሞቀኝ። አንተ ደግሞ ከሰው ሁሉ በላይ ጮህክ። ያኔ ጭራሽ ባሰብኝ።»

«ያስዋሸሁህ እኔ ነኝ በለኛ!»

«ውሸት አይደለም። አንተ ስትለካ እኔ እጸልይ ነበር። ይሥራልን ብዬ ጸለይኩ፣ ሠራ። ምን ልበል ታዲያ?»

«ንጋቱ ለካ፣ እኔ ጸለይኩ በላ! ምን ከበደህ?»

ይሄን ጊዜ ጓንቱን ማውለቅ ጀመረ። ጣት በጣት። ሲጨንቀው እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ አውቀዋለሁ።

«እሁድ ተነስና አስተካክል» አልኩት።

«ሰው ተባርኮበታል እኮ። አሁን ብመልሰው የሰው እምነት ይናጋል።»

የኔስ? የኔ መናጋት ከሰው አይቆጠርም?

አንድ ነገር ልጻፍ፣ ሐቅ ስለሆነ። ብየዳ የጀመርኩ ሰሞን ዓይኔ በእሳቱ ተለብልቦ ሦስት ቀን ማየት አቅቶኝ ነበር። እጄን ይዞ ሽንት ቤት ድረስ ያመላለሰኝ ደምሴ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሰድቤው እገላገል ነበር። ደምሴ ስለሆነ ነው መተው ያቃተኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ፓስተሩ ጋ ሄድኩ። በእርጋታ ላወራ ብዬ ነበር። በሩ ላይ ገና ጫማዬን ሳልጠርግ ጮህኩ።

«ወንድም ንጋቱ» አለኝ፣ «ክብሩ ለጌታ እስከሆነ ድረስ ማንም ቢሠራው አንተን ምን ያንገበግብሃል?»

«ክብሩ ለጌታ ይሁን፣ እሰየው! ግን ወደ ጌታ ሲሄድ ለምን በደምሴ በኩል ዞሮ ይሄዳል?»

ሳል ያዘው። ሳል አይደለም፣ ሳቁን ነው የዋጠው። ከዚያ እንጸልይ አለ። ዓይኔን ጨፈንኩ። «የቅናትን መንፈስ ከዚህ ወንድማችን ላይ አንሳ» ብሎ ጸለየልኝ። እኔ ተበድዬ፣ ቅናት! መጨረሻ ላይ ግን ምን ወጣኝ? «አሜን።» ወይ አፌ!

ከሰዓት ጋሽ ከድር ደወሉ። «አሰላሙ አለይኩም ንጋቱ፣ ደህና ነህ ወይ? ቤተሰብ ሰላም ነው?» ካሉ በኋላ «ቪዲዮውን አየሁት፣ ማሽአላህ!» አሉ።

የምን ቪዲዮ? ለካ ከወጣቶቹ አንዱ የደምሴን ምስክርነት ቀርጾ ቴሌግራም ላይ ለቆታል። ዝዋይ ደርሷል። የወንድማቸው ልጅ ናት ያሳየቻቸው።

«የእናንተ ጸሎት ብየዳም ያስተምራል እንዴ?» ብለው ሳቁ። «በል፣ ሁለተኛውን ጀልባ ለደምሴ ሰጥቼዋለሁ። እስከዛሬ ተሳስቼ ካንተ ጋር ነበር የማወራው። አንተ ለካ ረዳቱ ነህ።»

«ማን ነው ረዳት ያለኝ ጋሽ ከድር?»

«አንተው ነሃ! እሱ ሲናገር አሜን እያልክ የምትጮኸው አንተ አይደለህም? ድምፅህን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ።»

ምን ልበል? በራሴ ላይ የመሰከርኩት እኔው ነኝ። ምስክር አቅርብ ብባል የሱ ምስክር እኔ ነኝ።

አሁን ነገሩ ገባህ? ስም ብቻ አይደለም የሄደው። ከዚህ በኋላ ጀልባ ያለው ሁሉ፣ ሆቴል ያለው ሁሉ፣ ጄኔሬተር የሚያስጮኸው ሁሉ «ያ የተገለጠለት ሰውዬ» ብሎ ነው የሚመጣው። እኔ ላሜራ እይዝለታለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ደምሴ ላሜራውን አይሱዙ ላይ ጭኖ ብቻውን ዝዋይ ሄደ። አልጠራኝም። የተረፈውን ቃጫም ወስዶታል። ቃጫው የአማረች እናት ከጉንችሬ የላከችው ነው። እንሰቱን ፍቃ፣ አጥባ፣ አድርቃ። እሱም እንግዲህ ከሰማይ ወርዶለት ይሆናል።

ቀኑን ሙሉ አንድ በር በየድኩ። ተንጋደደብኝ። ለአማረች ስነግራት «እ» አለች ብቻ። ካለፈው እሁድ ጀምሮ ስለዚህ ጉዳይ ያለችው «እ» ነው። ሴትዮዋ ምን ሆናለች?

ሐሙስ፣ ጥር 21

ዛሬ የምጽፈው በንዴት አይደለም።

ደምሴ ሁለተኛውን ሳጥን ፎቶ አንስቶ ለደንበኞች በከፈትነው የቴሌግራም ገጽ ላይ ለጠፈው። በኔም ስም በተከፈተው ገጽ ላይ! ልሰድበው ፎቶውን ከፍ አድርጌ ሳየው፣ የጄኔሬተሩ ጭስ ማውጫ በቀጥታ በቃጫው መሃል ያልፋል።

ቃጫ ደረቅ ከሆነ እኮ ክብሪት ነው! በመጀመሪያው ሳጥን እኔ በጭስ ማውጫው ዙሪያ አራት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ትቼ፣ በሁለት ድርብ ላሜራ ለይቼዋለሁ። ያን ቀን ደምሴ ለቅሶ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ክዳኑ ተገጥሟል። ከውጭ አይታይም። አላየውም። አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም፣ አንድ ላይ ነው የምንሠራው ብዬ።

ቅዳሜ ያ ጀልባ ላይ ሠርግ አለ። ሙሽሮች፣ ሚዜ፣ አሮጊት፣ ሕፃን። አብዛኛው ሰው ደግሞ እንደኔ ዋና አይችልም።

ደወልኩ። አያነሳም። እንደገና። አያነሳም። ልጣላው የደወልኩ መስሎታል። የጋሽ ከድርም ስልክ ዝግ ነው። ጻፍኩለት፦ «ጄኔሬተሩን እንዳታስነሳ።» አላየውም።

አሁን እውነቱን ልጻፍ፣ ደብተሩ የኔ ነው። ለአንድ አፍታ «ይጭስ» አልኩ። ሰው ሳይሳፈር፣ ሲሞከር ይጭስ። ጋሽ ከድር ይዩት። «የተገለጠልህ ይሄ ነው?» ይበሉት። አሰብኩት፣ ጣፈጠኝም። ከዚያ አሮጊቷን አሰብኩ። ማን እንደሆነች እንኳ አላውቃትም፣ እኔው ነኝ የፈጠርኳት። ግን ሠርግ ላይ አሮጊት አይጠፋም።

አርብ፣ ጥር 22

የመጀመሪያው ሚኒባስ እስኪሞላ ረፍዶብኝ እኩለ ቀን ላይ ዝዋይ ወረድኩ። ጀልባው ጋ ስደርስ ጋሽ ከድር ለጁምዓ መስጊድ ሄደዋል። ደምሴ ብቻውን ጄኔሬተሩን አስነስቶ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ሲያየኝ ደስ አለው፣ እውነት ደስ አለው።

«ስማውማ! ይሰማል? አይሰማም!»

«አጥፋው።»

«ንጋቱ፣ እዚህ ድረስ መጥተህ አትጣላኝ…»

«አጥፋው አልኩህ!»

ራሴ አጠፋሁት። ክዳኑን ስከፍተው ሽታው ቀደመኝ። በጭስ ማውጫው ዙሪያ ያለው ቃጫ ጠቁሮ ጠርዝ ጠርዙ ከሰል ሆኗል። አንድ እፍኝ አውጥቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ትኩስ ነበር። ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አገላበጠው።

«ይሄኛው አልተገለጠልህም?» አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ጎንበስ አለና ቃጫውን በሁለት እጁ መዛቅ ጀመረ። እኔም ጎንበስ አልኩ። መቀሱን ሳልጠይቀው አቀበለኝ፣ ላሜራውን ሳይጠይቀኝ ያዝኩለት። ባዶውን ቦታ ተውን፣ ድርቡን በየደ፣ ቃጫውን መልሰን ጠቀጠቅን። አስነስተን ቃጫውን በእጄ ዳሰስኩት። ቀዝቃዛ። ያቺን ሰዓት ታርቀን ነበር ማለት ይቻላል። ሞኝ ነኝ።

ጋሽ ከድር ከመስጊድ ተመለሱ። የተቃጠለው በጆንያ ታስሮ ዳር ተቀምጧል። «አሃ፣ ንጋቱም መጣህ?» አሉ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ደምሴ «አዎ ጋሽ ከድር፣ ሊያግዘኝ መጣ» አለ።

ሊያግዘኝ።

አፌ፣ ያ ለአሜን የሚቸኩለው አፌ፣ ተቆለፈ። ጋሽ ከድር ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ጎበዝ፣ ካዋቂ ጋር መዋል ነው» አሉኝ። ከጆንያው አንድ እፍኝ የጠቆረ ቃጫ ኪሴ ከትቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። እስከ ቡታጅራ ድረስ ኪሴ ሸተተኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሁለቴ ዞሮ አየኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ሠርጉ በሰላም አለፈ። ጋሽ ከድር ድምፅ ላኩልን። «ማሽአላህ፣ ሙሽራዋ ስታለቅስ እንኳ ይሰማ ነበር» ይላሉ። ለሁለታችን ነው የላኩት። ስም የጠሩት የደምሴን ነው።

እኔ ደግሞ ለነገ ንግግር ስጽፍ ዋልኩ። አራት ገጽ ሆነ። አማረችን አስቀምጬ እጄን እያወራጨሁ አነበብኩላት። «የሰውን ሃሳብ የራሱ ያደረገ ሰው ዓይን አውጣ ነው!» የሚለው ጋ ስደርስ ቀና አለች።

«የቤዛ አባት፣ ቃጫውን ማን ነው ያሰበው?»

«እኔ ነኛ። ተኝቼ ሳስብ…»

«የት ተኝተህ?»

ግድግዳውን አየች። እኔም ዞሬ አየሁት። ሰባት ጆንያ።

ልጃችን ቤዛ ስትወለድ ወፍጮው አላስተኛት አለ። አማረች እናቷ የላከችላትን ቃጫ ጆንያ ውስጥ ጠቅጥቃ ግድግዳው ላይ ደረደረችው። አራስ ሆና፣ ብቻዋን። እኔ ያኔ ምን አልኩ? «ቤቱን የገመድ መጋዘን አደረግሽው!» ብዬ ተቆጣሁ። በማግስቱ ልጅቷ ተኛች። እኔም ተኛሁ። ሦስት ዓመት እዚያ ጆንያ ስር ተኝቼ፣ አንድ ቀን ብድግ ብዬ «መጣልኝ!» አልኩ።

«ለምን እስከዛሬ ዝም አልሽ?»

«በሰው ሁሉ ፊት እኔ ነኝ ስትል ሰማሁህ» አለች። «አሜን አልኩልሃ።»

ሄዳ ሥራዋን ቀጠለች። አራቱን ገጽ በገዛ እጄ ቀደድኳቸው። የመንደሩ ሰው ቢሰማ አያምንም።

ግን የኔ ጥፋት የሱን አያጸዳውም። ሁለቱም ለየብቻ ይቆጠር።

እሁድ፣ ጥር 24

ተነሳሁ። ማይኩን ያዝኩ። ፓስተሩ ገና ሳልጀምር ሰዓቱን አየ።

«ጌታን አመሰግናለሁ» አልኩ። «ቀጥሎ ሚስቴን። ቃጫ ድምፅ እንደሚውጥ ያሳየችኝ አማረች ናት። እኔ ነኝ እያልኩ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። ዋሽቻለሁ። እሷን ማን እንዳሳያት እሷን ጠይቋት።» ሰው ሳቀ። አማረች ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። አጠገቧ ያሉት ሴትዮ በክርናቸው ጎሸሟትና «አሜን!» አሉ፣ ጮክ ብለው።

ከዚያ ከኪሴ አወጣሁት። «ይሄ ደግሞ ተገለጠ የተባለው ነው። አርብ ዕለት የተቃጠለ። ሰው ተሳፍሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ለቅሶ ላይ ነበርን። ያልለካ ሰው ለካሁ ካለ፣ የሚቀጥለው ሰው አምኖት ይሳፈራል።»

ፓስተሩ ወደ ዘማሪዎቹ አየ። ኪቦርዱ ተነሳ። መዝሙር። ማይኩም ጠፋ። ለኔ ማይክ ምን ያደርግልኛል? በመዝሙሩ ላይ «ደምሴ!» አልኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። ደምሴ ግማሽ ተነሳ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ይጎትት ነበር፣ የሌለ ጓንት እንደሚያወልቅ። ከዚያ መልሶ ተቀመጠ። ሲያልቅ በጎን በር ወጥቶ ባጃጅ ውስጥ ገባ።

አማረች ስንመለስ እጄን ያዘችኝ። ምሳ በላሁ። ነገ ደምሴ ሥራ ይመጣ እንደሆነ አላውቅም። ቢመጣ ምን እንደምለው አላውቅም። ይሄን ደብተር ግን ብየዳ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከፍቼ አስቀምጠዋለሁ።

እንግዲህ ከፍተህ የምታነበው አንተ ነህ ደምሴ። ጓዳ መጥተህ ይቅርታ አትበለኝ፣ አልሰማህም። ጋሽ ከድርን ጥራቸው፣ ከፈለጉ ደጅ ቆመው ይስሙ። ያ የቀረጸህ ልጅም ስልኩን ይዞ ይቅረጽ። በሚቀጥለው እሁድ እዚያው የተናገርክበት ቦታ ቁም፣ «አማረች አሰበች፣ ንጋቱ ለካ፣ እኔ በየድኩ፣ ጸለይኩም» በል። ሌላ ምንም አልጠየቅኩህም። ሦስተኛው ወንበር ላይ ነኝ፣ አፌን ዘግቼ። ተነስና በሰው ሁሉ ፊት መልስልኝ። አሜን የምለው ያኔ ነው።